ምዕራፍ አምስት፦ ብዙ ሰው የሚጋራው የግል ቁጥር

ጃንዋሪ 14 ቀን 1995 ቅዳሜ ማታ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተጀመረ ገና ሁለት ወሩ የነበረው የብሪታንያ ብሔራዊ ሎተሪ ዘጠነኛ ዕጣውን አወጣ። በዚያን ጊዜ የጨዋታው ሥርዓት አጭር ነበር። ተጫዋቹ ከ1 እስከ 49 ካሉት ቁጥሮች ስድስቱን ይመርጥ ነበር፤ ማሽኑ ስድስት ኳሶች ያወጣ ነበር፤ ስድስቱም የገጠሙለት ሰው ትልቁን ሽልማት ይወስድ ነበር። ከ49 ቁጥሮች ስድስት የሚመረጥባቸው መንገዶች 13,983,816 ናቸው። በዚያ ሳምንት ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ትኬት ስለተሸጠ፣ ሰዎች ቁጥራቸውን ያለ አንዳች ዝንባሌ ቢመርጡ ኖሮ አምስት ያህል አሸናፊ ይጠበቅ ነበር።

የወጡት ቁጥሮች 7፣ 17፣ 23፣ 32፣ 38 እና 42 ነበሩ። አሸናፊዎቹ ሲቆጠሩ 133 ሆኑ። 16 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያህለው ትልቁ ሽልማት ለሁሉም ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው 122,510 ፓውንድ ነው። ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ስድስቱም ቁጥር ገጥሞለት ሚሊየነር ሆንኩ ብሎ ለተነሣ ሰው የጠበቀውን ያህል አይደለም።

ቁጥሮቹን መለስ ብለን እንያቸው። ተከታታይ አይደሉም። የታወቀ በዓል ወይም የታሪክ ቀን አይሠሩም። በመጀመሪያ እይታ ማንም ሰው «እነዚህማ ዝም ብለው የተበተኑ ናቸው» ይላል። ሚስጥሩም እዚሁ ላይ ነው። እነዚያ 133 ሰዎች አልተማከሩም፤ በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ ይዘው ለየራሳቸው የመጣላቸውን ቁጥር መረጡ፤ የመጣላቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ስለ ሎተሪ ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ማንም ሳያየው፣ በነፃነት ሲመርጥ ከሌላው ሰው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

የወረቀቱ መሐል

የብሪታንያው የመምረጫ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹ በየረድፉ አምስት አምስት ሆነው ነበር የተደረደሩት። ከ1 እስከ 5 በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከ6 እስከ 10 በሁለተኛው፣ እያለ ይወርዳል። አሁን ስድስቱን ቁጥሮች በዚያ ወረቀት ላይ እናስቀምጣቸው። 7 በረድፉ ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። 17ም ሁለተኛው ላይ። 23 ሦስተኛው ላይ። 32 ሁለተኛው፣ 38 ሦስተኛው፣ 42 ሁለተኛው። አንዱም ዳር አልወጣም። ከላይ ወደ ታች ሲወርዱም ከአንድ ረድፍ ሁለት አልተወሰደም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 10፣ 6፣ 9፣ 6፣ 4 ነው። እጁን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «እዚህ አንድ፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ ደግሞ አንድ» የሚል ሰው የሚተወው ዱካ ይህ ነው።

ሁለት ዝንባሌዎች ተጋግዘዋል። አንደኛው ዳርን መሸሽ ነው። ሰው ከተደረደረ ነገር አንዱን አንሣ ሲባል ጫፍ ላይ ያለውን ብዙም አይነካም፤ ወደ መሐል ይገባል። ሁለተኛው መበተን ነው። ዕጣ የተበታተነ ነገር እንደሚያወጣ ስለምናምን ቁጥሮቻችንን እኛው አራርቀን እንዘራቸዋለን። 23 የጻፈ ሰው ቀጥሎ 24 ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል፤ «ሁለት ተከታታይ እንዴት ይወጣል?» ይላል።

ይወጣል እንጂ። ከ49 ቁጥሮች ስድስት ሲወጡ ቢያንስ ሁለቱ ተከታታይ የሚሆኑበት ዕድል 49.5 በመቶ ነው። ማለትም በግምት ከሁለት ዕጣ በአንዱ ጎን ለጎን ያሉ ቁጥሮች አሉበት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያምንም፤ ግን ያለፉ ዕጣዎችን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ መቁጠር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1972 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዝንባሌ በልጆች ልደት አሳይተውታል። ስድስት ልጆች የወለደ ቤተሰብ አስቡ። ሴት፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት ሆነው መወለዳቸውና ሦስት ወንድ በተከታታይ ከዚያ ሦስት ሴት በተከታታይ መወለዳቸው፣ ሁለቱም እኩል ሊያጋጥሙ የሚችሉ ናቸው። ለተጠያቂዎቹ ግን የመጀመሪያው ይበልጥ የሚሆን መሰላቸው። ዐይናችን አንድ ነገር ያጋጥም እንደሆነ የሚመዝነው በቁጥር አይደለም፤ ዕጣን ይመስላል ወይስ አይመስልም ብሎ ነው።

ይህን ለማየት ለንደን ድረስ መሄድ አያሻም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሎተሪ አዟሪ ሲጠጋው የሚያደርገውን ልብ ይሏል። ልጁ የትኬቱን ጥቅል እንደ ካርታ ይዘረጋለታል። ደንበኛው የላይኛውን አያነሣም፤ ጣቱን ወደ መሐል ይሰዳል። አንዱን ይስባል፣ የመጨረሻ ቁጥሩን ያያል፣ ይመልሰዋል። ሌላ ይስባል። «መጨረሻው ሰባት የሆነ የለህም?» ይላል። «አለ ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዱ፤ የዛሬዋ ናት» ይላል ልጁ። ጋሼ ትኬቷን ተቀብለው ያዩና ሦስት ዜሮ ተደርድሮባት ሲያገኙ ፊታቸው ይለወጣል፤ «ይሄማ አይወጣም» ብለው ይመልሱለታል። ሦስት ዜሮ ያለበት ቁጥር ከሌላው ያነሰ ዕድል የለውም። ዕጣ ግን አይመስልም።

በእኛና በብሪታንያው ጨዋታ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት መኖሩን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። በእኛ አገር መደበኛ የሎተሪ ትኬት ላይ ቁጥሩ አስቀድሞ ታትሞ ነው የሚመጣው። ጋሼ የፈለጉትን ያህል ቢያማርጡ ዕድላቸው አይጨምርም፤ አይቀንስምም፤ የሚከፍሉት ዋጋ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተጫዋቹ ራሱ ቁጥር በሚጽፍበት ጨዋታ ግን አንዱን ቁጥር ሺህ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ የመረጡት ቁጥር የመውጣት ዕድልዎን ባይነካም ከወጣ በኋላ ከስንት ሰው ጋር እንደሚካፈሉ ይወስናል።

ከሠላሳ አንድ ወዲህ

ቁጥር ምረጥ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ልደት ነው። የራሱ፣ የልጆቹ፣ የተጋባበት ቀን፣ እናቱ ያረፈችበት ቀን። ይህን በንቀት የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሰው ለሕይወቱ ትርጉም ያላቸውን ቀኖች ይዞ ወደ ዕድል መቅረቡ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ችግሩ ወር 31 ላይ ማለቁ ነው። ከ49ኙ ቁጥሮች ከ32 ጀምሮ ያሉት 18ቱ የማንም ልደት አይደሉም።

ከ1 እስከ 31 ባሉት ቁጥሮች ብቻ ሊሠሩ የሚችሉት የስድስት ቁጥር ስብስቦች 736,281 ናቸው። ከጠቅላላው 5.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። ስድስቱም ኳሶች 31ን ሳያልፉ የሚወጡት በአማካይ በ19 ዕጣ አንድ ጊዜ ነው። ልደት የሚጫወተው ሕዝብ በሙሉ በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ተጨናንቋል። ዕጣው ወደ እነሱ ሰፈር ሲመጣ ብዙዎች አብረው ያሸንፋሉ፤ ብዙዎችም ይካፈላሉ። በጀርመን ደግሞ 19 ቁጥር ለብቻው ተወዳጅ ሆኖ ኖሯል፤ የተጫዋቾቹ የልደት ዓመት በ19 ስለሚጀምር።

የእኛ ሰው ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጥ ሊመስለው ይችላል፤ የዘመን አቆጣጠሩ የራሱ ነውና። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወንድማችን ነዳጅ ማደያ ገብቶ ፓወርቦል የተባለውን የአሜሪካ ሎተሪ ሲቆርጥ የልጁን ልደት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈ እንበል። ወራችን 30 ቀን ነው፤ ወሮቻችን 13 ናቸው። ክልሉ በአንዲት ቀን ጠበበ እንጂ አልሰፋም። የሚዘክረውን ታቦት ቢያስብስ? አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27። የወሩ በዓላት ሁሉ በሠላሳው ቀን ውስጥ ናቸው። ፓወርቦል ግን ነጮቹን ኳሶች የሚያወጣው ከ1 እስከ 69 ካሉት ነው። ከ31 ጀምሮ ያሉት 39 ቁጥሮች ሳይነኩ ቀሩ ማለት ነው። ስለ ጊዮርጊስ ብሎ 23 የጻፈው ሰው ከየትም ቢመጣ የሚገናኘው ልጇ በወር በ23ኛው ቀን የተወለደችላት ቴክሳስ ካለች እናት ጋር ነው። ምክንያታቸው ፈጽሞ አይገናኝም፤ ቁጥራቸው ግን አንድ ነው።

ቅርጽና ማባዣ

ሌላው ወገን ደግሞ ከመበተን ይልቅ ቅርጽን ይወዳል። የብሪታንያው ሎተሪ በተጀመረበት ዘመን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ብለው የሚጫወቱ ሰዎች በየሳምንቱ ወደ 10,000 እንደሚጠጉ ይነገር ነበር። ብዙዎቹ ይህን የሚጽፉት «ይህን የሚደፍር ማንም የለም» ብለው ሊሆን ይችላል። ደፋሮቹ ግን እርስ በርስ አይተያዩም።

ጀርመን ውስጥ የመምረጫው ወረቀት በየረድፉ ሰባት ቁጥር ያለው፣ ሰባት ረድፍ የሆነ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ትክክለኛው መሐሉ 25 ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1988 የወጡት ቁጥሮች 24፣ 25፣ 26፣ 30፣ 31፣ 32 ነበሩ፤ ወረቀቱ ላይ ሲቀመጡ መሐል ላይ ሦስት ሳጥን፣ ከሥራቸው አንድ ቦታ ወደ ግራ ሸርተት ብሎ ሌላ ሦስት ሳጥን ይሆናሉ። 222 ሰዎች ስድስቱንም ገጠሙ። ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው ከ85,000 የጀርመን ማርክ በታች ነው። በ1999 ኤፕሪል 10 ቀን ደግሞ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 26 ወጡ። አምስት ተከታታይ ቁጥር ማለት ነው። አምስት ቁጥር የገጠመላቸው 38,008 ሰዎች ተገኙ፤ የደረሳቸው 379.90 ማርክ ብቻ ሆነ።

የማባዣ ሠንጠረዥም እንደዚሁ ነው፤ በልጅነታችን በቃል ያጠናነው ነገር በቀላሉ ይመጣልና። ማርች 23 ቀን 2016 በብሪታንያ ከወጡት ስድስት ቁጥሮች አምስቱ የሰባት ብዜቶች ነበሩ፤ 7፣ 14፣ 21፣ 35፣ 42። አምስት ቁጥር የገጠመላቸው 4,082 ሰዎች የተከፈላቸው 15 ፓውንድ ነው፤ ሦስት ቁጥር ብቻ የገጠመላቸው ሰዎች ግን በሕጉ መሠረት 25 ፓውንድ ወሰዱ። በዚያ ማታ አምስቱን መግጠም ሦስቱን ከመግጠም ያነሰ አስገኘ።

ይህ ዝንባሌ ካልታወቀ አገር ያውካል። ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በፊሊፒንስ ከ55 ቁጥሮች ስድስት የሚወጣበት ዕጣ 9፣ 18፣ 27፣ 36፣ 45፣ 54 ሆነ፤ የዘጠኝ ብዜቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። 433 ሰዎች አሸነፉ። ስድስቱን የመግጠም ዕድል ከ28,989,675 አንድ በሆነበት ጨዋታ ይህን የሚያህል አሸናፊ ሲሰማ ሕዝቡ ተጭበረበረ ብሎ ተነሣ፤ ጉዳዩ ይመርመር የሚል ጥያቄ ከምክር ቤቱ ድረስ መጣ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በደቡብ አፍሪካ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 እና ፓወርቦል የሚባለው ተጨማሪ ኳስ 10 ሆነው ሲወጡ 20 ሰዎች አሸንፈው ተመሳሳይ ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። ሰው መጠርጠሩ አይፈረድበትም፤ የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ዕጣ መመርመር አለበት። ይሁንና ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። ኳሶቹ ለምን እንዲህ ወጡ የሚለው አንድ ነው፤ እነዚያ ቁጥሮች የመውጣት ዕድላቸው ከሌላው ጋር እኩል ነው። ለምን ይህን ያህል ሰው አሸነፈ የሚለው ሌላ ነው፤ የዚህኛው መልስ ያለው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ሕዝቡ በየሳምንቱ የዘጠኝን ማባዣ በመጻፉ ላይ ነው።

ምርመራ እንዲህ ያለውን ነገር ሊፈታ እንደሚችል የሚያሳይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ማርች 30 ቀን 2005 የአሜሪካው ፓወርቦል ሁለተኛውን ሽልማት ያሸነፉ 110 ሰዎች ተገኙ፤ የሚጠበቁት አራት ያህል ነበሩ። አስተዳዳሪዎቹ ማጭበርበር ነው ብለው ደነገጡ። አሸናፊዎቹ ገንዘባቸውን ሊወስዱ ሲመጡ «ቁጥሩን ከየት አገኙት?» ተብለው ተጠየቁ። መልሱ አንድ ነበር፤ በቻይና ምግብ ቤት ከምግብ በኋላ ከሚቀርበው፣ ሆዱ ውስጥ የዕድል ጽሑፍ ካለበት ብስኩት። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ያንኑ ቁጥር አትሞ በመላ አገሪቱ በትኖት ነበር። አምስቱ ቁጥሮች ልክ ነበሩ፤ ስድስተኛው ላይ ብስኩቱ 40 ሲል የወጣው 42 ነው።

እንግዲህ መጫወቱ ካልቀረ ሰው የሸሸውን መምረጥ ይሻላል ማለት ነው፤ ከ31 በላይ ያሉትን፣ ዳር ላይ ያሉትን፣ ጎን ለጎን ያሉትን። ወይም ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ መተው፤ ማሽኑ ልደት የለውም። ይህ ግን የማሸነፍ ዕድልን በአንዲት ቅንጣት አይጨምርም፤ ካሸነፉ የሚካፈልዎትን ሰው ብቻ ይቀንሳል። ትኬቱ በአማካይ ከተከፈለበት ዋጋ ያነሰ መመለሱም አይቀርም፤ ሎተሪ የሚኖረው በዚያ ነው።

የዘገየው ቁጥር

እስካሁን ያየነው ሰው ምን እንደሚወድ ነው። ምን እንደሚሸሽና መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ቻርልስ ክሎትፌልተርና ፊሊፕ ኩክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በሜሪላንድ የዕለት ሎተሪ ላይ አጥንተው በ1993 አሳተሙት። በዚያ ጨዋታ ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር በየቀኑ ይወጣል። አንድ ቁጥር እንደወጣ በእሱ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ ቀስ በቀስ እያገገመ ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ሰዉ «ወጥቷል፤ ተራው አልፏል» ይላል። ዕቁብ ላይ ቢሆን ትክክል ነበር፤ ዕጣ የወጣለት አባል ዙሩ እስኪያልቅ ድጋሚ አይደርሰውም። ኳሶቹ ግን ከየዕጣው በኋላ ሁሉም ተመልሰው ይገባሉ።

በኒው ጀርሲ ይህ ስሕተት በገንዘብ ተተመነ። እዚያ ሽልማቱ የሚከፈለው በዚያ ቁጥር ላይ ባስያዙት ሰዎች ብዛት ልክ ተካፍሎ ስለሆነ፣ በቅርቡ የወጣ ቁጥር ሰው ስለሚሸሸው ሲደገም ከሌሎቹ የበለጠ ይከፍላል። ሕዝቡ የሚሸሸው ቦታ የተሻለ የሚከፈልበት ሆኖ ተገኘ። በተቃራኒው ደግሞ የወጣውን ቁጥር ተከትለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በሴፕቴምበር 2009 በቡልጋሪያ በአራት ቀን ልዩነት ያው ስድስት ቁጥር ሁለት ጊዜ ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ የገጠመለት ሰው አልነበረም፤ በሁለተኛው 18 ሰዎች ነበሩ።

ዕጣ ያስታውሳል፣ ያደላድላል ብሎ ማመን ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ግን ከጣልያኑ 53 የበለጠ የሚያሳይ የለም። የጣልያን ሎቶ ጥንታዊ ነው። በአሥር ከተሞች ስም የተሰየሙ አሥር መንኮራኩሮች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ከ90 ቁጥሮች አምስት ይወጣሉ። በኔፕልስ ሕልምን ወደ ቁጥር የሚተረጉም መጽሐፍ አለ፤ ስሙ ስሞርፊያ ይባላል። በእሱ መሠረት 47 ሙት ነው፣ 48 የሚናገር ሙት፣ 90 ፍርሃት። ሟች አባቱ በሕልሙ ሲያናግረው ያደረ ሰው ጠዋት 48 ይቆርጣል። እኛ ሕልም እንደ ፈቺው ነው እንላለን፤ ኔፕልሶች ግን ፈቺውን አትመው ዋጋ አውጥተውለታል።

በዚህ አገር ላይ ነው እንግዲህ 53 ቁጥር በቬኒስ መንኮራኩር ከሜይ 2003 ጀምሮ መውጣት ያቆመው። ጣልያኖች እንዲህ ያሉትን የዘገዩ ቁጥሮች ይከታተላሉ፤ ጋዜጦች ዝርዝራቸውን ያትማሉ። መቶ ዕጣ አለፈ። መቶ ሃምሳ አለፈ። በቆየ ቁጥር ሰው «አሁንስ መውጣቱ አይቀርም» እያለ የሚያስይዘውን ገንዘብ ያሳድግ ጀመር፤ የጠፋውን ለመመለስም እጥፍ ያስይዝ ነበር። ከ3 ቢሊዮን ዩሮ በላይ በዚህ በአንድ ቁጥር ላይ ፈሰሰ። ቤታቸውን ያጡ፣ የቤተሰቡን ቁጠባ በሙሉ ከስረው ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች መኖራቸውን የአገሩ ጋዜጦች ዘገቡ። አንድ የሸማቾች ማኅበር 53 ላይ ማስያዝ እንዲከለከል መንግሥትን ጠየቀ። ቁጥሩ ለ182 ዕጣ ጠፍቶ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2005 ወጣ።

ሒሳቡን በትዕግሥት እንየው፤ ሰው የሞተበት ነገር ነውና በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም። ከ90 አምስት ስለሚወጣ አንድ ቁጥር በአንድ ዕጣ የመውጣት ዕድሉ ከ18 አንድ ነው። 182 ጊዜ በተከታታይ የመቅረት ዕድሉ ከ33,000 አንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ተአምር ይመስለዋል። ነገር ግን አሥር መንኮራኩር በ90 ቁጥር ሲባዛ 900 ይሆናል፤ ዕጣው ለአሥርት ዓመታት ሲወጣ ኖሯል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ቁጥር በአንዱ ከተማ ይህን ያህል መጥፋቱ አንድ ቀን የማይቀር ነበር። ያለቀሱት ሰዎች ማወቅ የነበረባቸው ግን ሌላው ነው፤ በ183ኛው ዕጣ ዋዜማ 53 የመውጣት ዕድሉ ስንት ነበር? ከ18 አንድ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ልክ እንደ ሌሎቹ 89 ቁጥሮች። የሚከፍለውም ከተያዘው ገንዘብ 11 እጥፍ ትንሽ በለጥ የሚል ነበር።

መለወጥ የማይቻል ትኬት

ሰው ቁጥሩን አንዴ ከመረጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይጀምራል። ኤለን ላንገር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 ባሳተመችው ጥናት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ አንድ ዶላር እየከፈሉ ትኬት ቆረጡ። ግማሾቹ ትኬታቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ለቀሩት በእጃቸው ተሰጣቸው። ቀኑ ሲደርስ «ትኬትህን በስንት ትሸጥልኛለህ?» ተባሉ። የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ 1.96 ዶላር ጠየቁ፤ የመረጡት ግን 8.67። ትኬቱ ያው ነው፤ ዕድሉም ያው ነው። በረንዳ ላይ ጣታቸውን ወደ ጥቅሉ መሐል የሰደዱት ጋሼም የሚገዙት ይህንኑ ነው፤ እጃቸው ያለፈበትን ትኬት።

የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማያ ባርሂለልና ኤፍራት ኔተር በ1996 ነገሩን ከሌላ ወገን ገቡበት። በእነሱ ጥናት ሰዎቹ ትኬቱን የመረጡት እንኳ አይደለም፤ ታደላቸው። ከዚያ ዕድሉ እኩል በሆነ ሌላ ትኬት ቢለውጡ ትንሽ ጉርሻ እንደሚጨመርላቸው ተነገራቸው። ከግማሽ በታች የሆኑት ብቻ ለወጡ። እስክሪብቶ ታድሏቸው በተመሳሳይ እስክሪብቶ ለውጡ ሲባሉ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ለወጡ። ልዩነቱ ጸጸት ነው። እስክሪብቶ ከተለወጠ በኋላ ሚሊዮን አያወጣም። ትኬት ግን የሰጡት ቢወጣስ?

ለዓመታት አንድ ቁጥር ሲጫወት የኖረ ሰው ለምን መተው እንደሚያቅተው ከዚህ ይገባናል። ላሸንፍ እችላለሁ ማለቱ ብቻ አይደለም የሚይዘው። የሚፈራው የተወበት ሳምንት ነው፤ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋልና ባይቆርጥም መውጣቱን ማየቱ አይቀርም። በየሳምንቱ ማሽን የሚመርጥለት ሰው ይህ ፍርሃት የለበትም፤ ያልቆረጠው ትኬት ምን ቁጥር ይኖረው እንደነበር በጭራሽ አያውቅም።

በኔዘርላንድ ይህን ፍርሃት ሁሉም ሰው በቤቱ እንዲኖረው የሚያደርግ ሎተሪ አለ። ከ1989 ጀምሮ የሚካሄደው የፖስታ ኮድ ሎተሪ ተጫዋቹን ቁጥር ምረጥ አይለውም፤ ቁጥሩ የሚኖርበት ሰፈር የፖስታ አድራሻ ነው። ኮዱ ሲወጣ ትኬት የያዙ ጎረቤቶች በሙሉ ያሸንፋሉ፤ ትኬት ያልቆረጠው ደግሞ በአጥር ማዶ ሲደሰቱ ያያል፤ ስንት ያገኝ እንደነበርም ያውቃል። ማርሴል ዜለንበርግና ሪክ ፒተርስ በ2004 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ሎተሪና የመንግሥቱን መደበኛ ሎተሪ ተጫዋቾች አነጻጸሩ። ባልቆርጥ ምን ያህል እጸጸታለሁ የሚለው ሐሳብ ሰው የፖስታ ኮዱን ሎተሪ ለመቁረጥ በሚያደርገው ውሳኔ ላይ ጎልቶ ታየ። በመደበኛው ሎተሪ ላይ፣ ያልቆረጡት ትኬት ቁጥር በማይታወቅበት ላይ፣ አልታየም።